ምጥ ላይ ያለች ሴት «ሪፈር» ስትባል፦ የሚጎዳት መንገዱ ነው?

«ሪፈር ተብላለች» የሚለው ቃል ቤተሰብ ጆሮ ሲገባ ሁሉም ነገር ይተራመሳል። አንዱ ስልክ ይደውላል፣ አንዱ ልብስ ይሰበስባል፣ አንዱ አዋላጇ ላይ ይጮሃል። በኋላ ደግሞ ወሬው ለሁለት ይከፈላል። በሰላም ከተገላገለች «ዝም ብለው ነው ያስደነገጡን» ይባላል። ክፉ ከደረሰ ደግሞ «መንገዱ ነው የገደላት፣ ባትነቃነቅ ይሻል ነበር» ይባላል።

ሁለቱም ወገኖች መኪናውን ብቻ ነው የሚያዩት። መኪናው ግን የጉዳዩ አጭሩ ክፍል ነው። እናትና ሕፃን ምን እንደሚሆኑ በአብዛኛው የሚወስነው ለምን እንደተላከች፣ ከመነሳቷ በፊት ምን እንደተደረገላትና ስትደርስ ማን እንደጠበቃት ነው።

ለምን ነው ከጀመሩበት ቦታ የማያዋልዷት?

የወሊድ አገልግሎት ደረጃ አለው። በመጀመሪያው ደረጃ አዋላጆች ምጥ ይከታተላሉ፣ መድኃኒት በመርፌ ይሰጣሉ፣ አልወጣ ያለ እንግዴ ልጅ በእጅ ያወጣሉ፣ አልተነፍስ ያለ ሕፃን ያስተነፍሳሉ። ይህ መሠረታዊ የሚባለው ነው። የተሟላ የሚባለው ቦታ ደግሞ በዚህ ላይ ሁለት ነገር ይጨምራል፦ ኦፕራሲዮንና ደም መስጠት። አንዲት እናት ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ ሊያስፈልጋት ይችላል ተብሎ ከታሰበ መሠረታዊው ቦታ ላይ ማቆየቷ ቁማር ነው።

በምጥ ሰዓት ሪፈር የሚያስብሉ ምክንያቶች ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። በጣም የተለመደው የምጥ መዘግየት ነው። ምጡ አለ፣ የማህፀን በር ግን በሚጠበቀው ፍጥነት አይከፈትም። የሽርት ውሃው አረንጓዴ ከሆነ፣ ማለትም ሕፃኑ ሆድ ውስጥ ሳለ ከተጸዳዳ፣ ይህም ያሰጋል። የሕፃኑ የልብ ምት ሲወርድ፣ የእናቲቱ ደም ግፊት ሲያሻቅብ፣ ከወሊድ በኋላ ደም አልቆም ሲል ደግሞ ጉዳዩ የደቂቃዎች ይሆናል።

ጤነኛ እናቶች ቤታቸው ወይም በአዋላጆች ብቻ በሚመራ ማዕከል ለመውለድ በሚመርጡባቸው አገሮች የሪፈሩ ቁጥር ብዙዎችን ያስገርማል። በ2011 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ውጤቱ የታተመው የእንግሊዝ ትልቅ ጥናት ከ64 ሺህ በላይ ጤነኛ እናቶችን ተከታትሏል። ቤታቸው ለመውለድ ካቀዱት መካከል የመጀመሪያ ልጃቸውን ከሚወልዱ 100 እናቶች 45ቱ በምጥ ወቅት ወይም ወዲያው ከወለዱ በኋላ ወደ ሆስፒታል ተዛውረዋል። ከዚህ በፊት ከወለዱት ግን ከ100 ወደ 12ቱ ብቻ ናቸው። አብዛኛው ዝውውር ደግሞ በሲሪን የሚያስከንፍ አልነበረም። ምጡ ዘግይቶ ወይም እናቲቱ ሕመም ማስታገሻውን የጀርባ መርፌ ፈልጋ ነው።

ስለዚህ «ሪፈር» ስትሰሙ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «በምን ምክንያት?» የሚለው ነው። በእርጋታ ተጠቅልላ ምጥ ስለዘገየባት የሄደች እናትና ደም እየፈሰሳት የሄደች እናት አንድ ስም ይሰጣቸዋል እንጂ ጉዳያቸው አይገናኝም።

«ሪፈር የተደረጉት የባሰ ውጤት አላቸው» ሲባልስ?

ይህን ዓረፍተ ነገር ዜና ላይም፣ ሪፖርት ላይም ታገኙታላችሁ። ቁጥሩ ልክ ሊሆን ይችላል። ችግሩ አተረጓጎሙ ላይ ነው።

ዝናብ በጣለበት ቀን መንገድ ላይ ጃንጥላ የያዙትን ብትቆጥሩ ቤት ከዋለው ሰው ይልቅ ጫማቸው የረጠበ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ያረጠባቸው ግን ጃንጥላው አይደለም። ሪፈርም እንዲሁ ነው። የምትላከው ችግር የገጠማት ናት። ችግር ያልገጠማት እዚያው ወልዳ ቤቷ ትገባለች። ሁለቱን አሰልፎ «የተላከችው ተጎዳች» ማለት በሽታውን ትቶ መኪናውን መክሰስ ነው።

የመቁጠሪያው ቦታም ያሳስታል። ከባድ ሕሙማንን ሁሉ የሚቀበል ትልቅ ሆስፒታል በሞት ቁጥር ከትንሹ ማዕከል የባሰ መስሎ ይታያል። ትንሹ ማዕከል ደግሞ የባሰባቸውን ሁሉ ስለሚልክ መዝገቡ ንጹሕ ነው። ሪፈር ሳይባሉ፣ ወይም ተብለው መኪና ሳያገኙ ያለፉት ደግሞ በአንዱም መዝገብ ላይ ላይኖሩ ይችላሉ። እነሱን ሳይቆጥሩ ስለ ዝውውር መፍረድ፣ በእኔ ግምት፣ ከግማሽ በታች የሆነ ታሪክ ማውራት ነው።

የእንግሊዙ ጥናት ይህን ወጥመድ የዘለለው እናቶችን በወለዱበት ሳይሆን ለመውለድ ባቀዱበት ቦታ በመመደብ ነው። ቤት አቅዳ ሆስፒታል የወለደች እናት «ቤት» ውስጥ ነው የተቆጠረችው። እንዲህ ሲሰላ ከዚህ በፊት በወለዱ ጤነኛ እናቶች ልጆች ላይ በቤትና በሆስፒታል መካከል ልዩነት አልተገኘም። በመጀመሪያ ወሊድ ግን ልዩነት ታይቷል። ሞትን ወይም እንደ አንጎል ጉዳትና የአጥንት ስብራት ያለ ችግርን አንድ ላይ ሲደምሩ ሆስፒታል ካቀዱት በ1,000 ወሊድ 5.3፣ ቤት ካቀዱት 9.3 ሆነ። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፣ አትናቁት። ግን ከ1,000 ወሊድ 990ዎቹ እንዲህ ያለ ችግር ሳይገጥማቸው እንዳለፉም ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።

ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው መቼ ነው?

መኪናው ሲነሳ አይደለም። በ1994 ሲሪን ታዴየስና ዴቦራ ሜይን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እናቶች ለምን እንደሚሞቱ ሲያጠኑ መዘግየቱን በሦስት ከፈሉት። የመጀመሪያው «እንሂድ» ብሎ ለመወሰን የሚጠፋው ጊዜ ነው። ሁለተኛው መንገዱ ነው። ሦስተኛው ደርሳ ሕክምና እስክታገኝ የምትጠብቀው ነው። ዛሬም የእናቶች ሞት ሲመረመር ይኸው አከፋፈል ይሠራበታል።

ምን ያህል ጊዜ እንዳለ ደግሞ በሽታው ነው የሚናገረው። በዘርፉ በተለምዶ የሚጠቀስ ግምት አለ። ሕክምና ካልተገኘ ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በአማካይ በ2 ሰዓት ይገድላል። የማህፀን መቀደድ በ1 ቀን፣ ከደም ግፊት የሚመጣው መንቀጥቀጥ በ2 ቀን፣ የተዘጋ ምጥ በ3 ቀን፣ ኢንፌክሽን በ6 ቀን ገደማ። ግምት ነው፣ ለእያንዳንዷ እናት የተቆረጠ ቀጠሮ አይደለም። ግን አዋላጅ በአንዷ ላይ «አሁኑኑ!» ብላ የምትጮኸውና በሌላዋ ላይ ረጋ ብላ ወረቀት የምትሞላው ለምን እንደሆነ ያስረዳል።

ርቀትስ? ርቀት ይጎዳል፣ ያለ ጥርጥር። ነገር ግን በዚያው የእንግሊዝ ጥናት ላይ ተመሥርቶ የተሠራ ሌላ ትንታኔ አንድ ነገር አሳየ። በአዋላጆች ከሚመሩ ማዕከሎች በአስቸኳይ ምክንያት የተላኩ እናቶች «ትሂድ» ከተባለበት ደቂቃ አንስቶ ሆስፒታሉ እስኪያያቸው የወሰደው ጊዜ ተለካ። ሆስፒታሉ ከ20 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ለነበረው መካከለኛው ጊዜ 47 ደቂቃ ሆነ። ከ20 እስከ 40 ኪሎ ሜትር 55 ደቂቃ። ከዚያ በላይ ለራቁት 61 ደቂቃ። መንገዱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው እጥፍ አልሆነም። ቅርብ ላሉትም ቢሆን ብዙው ደቂቃ የሚሄደው አምቡላንስ ሲጠራ፣ አምቡላንሱ ሲመጣ፣ እናቲቱ ስትጫን፣ ደርሳም ስትወርድ ነው። አስፋልቱ ድርሻው ከምናስበው ያነሰ ነው።

ከመነሳቷ በፊት ምን ሊደረግላት ይገባል?

ጥሩና መጥፎ ሪፈር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። «ቶሎ ጫኗት!» ብሎ ባዶ እጇን መላክ ፍጥነት ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን አምስት ደቂቃ ወስዶ የሚሰጥ መርፌ ሃምሳ ደቂቃ መንገድ ያሻግራል።

ደም መፍሰስን እንይ። ከወለደች በኋላ ማህፀኗ ካልጠነከረ ደሙ አይቆምም። ሆዷን በእጅ እያሹ ማህፀኑን ማጠንከር፣ ማህፀንን የሚያኮማትረውን ኦክሲቶሲን መስጠት፣ በደም ሥር ፈሳሽ መጀመር፣ ፊኛዋን ባዶ ማድረግ፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባለውን ደም የሚያረጋ መድኃኒት መስጠት ያስፈልጋል። ይህ መድኃኒት በ2017 በታተመ፣ ከ20 ሺህ በላይ እናቶችን ባካተተ ጥናት ተፈትኗል። ከወለዱ በ3 ሰዓት ውስጥ በተሰጣቸው ላይ በደም መፍሰስ የሚመጣውን ሞት በሲሶ ገደማ ቀንሷል። በኋላ የተሠራ ስሌት ደግሞ እያንዳንዱ 15 ደቂቃ መዘግየት ጥቅሙን በ10 በመቶ እንደሚሸርፈው አሳየ። እንግዲህ መድኃኒቱን «እዚያ ሲደርሱ ይሰጧታል» ብሎ መተው ምን ማለት እንደሆነ አስሉት።

ደሙን በዓይን መገመትም ያታልላል። አንሶላ የጠጣው ደም ትንሽ ይመስላል። ለዚህ ነው ከእናቲቱ ስር የሚዘረጋ፣ ጫፉ ላይ መለኪያ መስመር ያለው የላስቲክ ከረጢት የመጣው። በ2023 በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ 80 ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት ደሙን በዚህ ከረጢት እየለካ፣ ገደቡ ሲያልፍ ሕክምናዎቹን በአንድ ጊዜ ሰጠ። ከባድ የደም መፍሰስና ተያያዥ አደጋው በ60 በመቶ ቀነሰ። ውድ ማሽን አልተገዛም። ቀድሞ ማየትና ተራ አለመጠበቅ ብቻ ነው።

ደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ለሚያንቀጠቅጣት እናት ማግኒዥየም ሰልፌት አለ። በ2002 የታተመ፣ ወደ 10 ሺህ እናቶችን ያሳተፈ ጥናት የመንቀጥቀጥን ዕድል ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። የመጀመሪያው መጠን ከመነሳቷ በፊት መሰጠት አለበት። መኪና ውስጥ እየተንቀጠቀጠች ያለች ሴት ምላሷን ትነክሳለች፣ ትንፋሿ ይቋረጣል፣ ሕፃኑም ኦክስጅን ያጣል።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን እትብት ቀድሞ ሲወጣ ነው። የሽርት ውሃው ይፈሳል፣ እትብቱ ከሕፃኑ ራስ ቀድሞ ወደ ታች ይንሸራተታል። በእያንዳንዱ ምጥ የሕፃኑ ራስ የራሱን የደም መስመር ይረግጠዋል። አዋላጇ ጓንት አድርጋ እጇን ወደ ውስጥ ታስገባና በጣቶቿ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ትይዘዋለች። ከዚያ አትለቀውም። እናቲቱ በጎኗ ተኝታ ዳሌዋ በትራስ ከፍ ይላል፣ አዋላጇ አጠገቧ ተንበርክካ በዚያው ሁኔታ መኪና ውስጥ ይገባሉ። እጇ ይደነዝዛል፣ ጀርባዋ ይቆረጣል፣ እጇን የምታወጣው ኦፕራሲዮን ጠረጴዛው ላይ «አሁን» ስትባል ነው። መንገዱ ረጅም ከሆነ ሌላ ዘዴ አለ። በሽንት ቱቦ 500 ሚሊ ሊትር ገደማ ንጹሕ ፈሳሽ ወደ ፊኛዋ ይገባል፣ የሞላው ፊኛ ጭንቅላቱን በእጅ ፈንታ ከፍ አድርጎ ይይዛል።

አንድ ነገር ደግሞ መደረግ የሌለበት አለ። ምጥ ሲዘገይ ቤተሰብ «ማፋጠኛ መርፌ ስጧት» ይላል። ምጡ የተዘጋ ከሆነ፣ ማለትም ሕፃኑ በዳሌዋ ማለፍ ካልቻለ፣ ማፋጠኛው ማህፀኑን ሊቀድደው ይችላል። አዋላጇ እምቢ ስትል ክፋት አይደለም።

መንገድ ላይስ?

ባጭሩ፦ በግራ ጎኗ ትተኛ፣ ብቻዋን አትሂድ። ጀርባዋ ላይ ስትተኛ ከባዱ ማህፀን ትልልቆቹን የደም ሥሮች ይጫንና ወደ ሕፃኑ የሚሄደው ደም ይቀንሳል። አብሯት የሚሄደው ሰው ደግሞ ማዋለድና ሕፃን ማስተንፈስ የሚችል መሆን አለበት። ምጥ መኪና አይጠብቅም። መንገድ ላይ ከተወለደ ሕፃኑ ተደርቆ፣ እርቃኑን እናቱ ደረት ላይ ተለጥፎ፣ ሁለቱም ከላይ ይሸፈናሉ።

ከደረሰች በኋላ ተረፈች ማለት ነው?

ገና ነው። ሦስተኛው መዘግየት የሚያደባው እዚህ ነው። በር ላይ ካርድ ሲወጣ፣ አልጋ ሲፈለግ፣ የማደንዘዣ ባለሙያ ሲጠራ፣ የደም ዓይነቷ ሲመረመር ሰዓቱ ይሄዳል። እጅግ አስቸኳይ ለሆነ ኦፕራሲዮን በብዙ አገር የሚያዘው ገደብ ከውሳኔው እስከ መውለድ 30 ደቂቃ ነው። ሆስፒታሉ መምጣቷን የሚያውቀው ስትደርስ ከሆነ ይህን ማሟላት ዘበት ነው።

ስለዚህ መኪናው ከመነሳቱ በፊት የሚደወለው ስልክ የሕክምናው አካል ነው። «የ28 ዓመት እናት፣ ሁለተኛ ወሊዷ፣ ከወለደች 40 ደቂቃ፣ ወደ 900 ሚሊ ሊትር ደም ፈሷታል፣ ኦክሲቶሲን ተሰጥቷታል፣ ደም አዘጋጁ።» ይህን የሰማ ክፍል ደም ያስወጣል፣ ሰው ይጠራል። «አንዲት ወላድ እየላክን ነው» ብቻ የተባለ ክፍል ግን ሥራውን ይቀጥላል። ከእሷ ጋር የሚሄደው ወረቀት ላይም የትኛው መድኃኒት በስንት ሰዓት እንደተሰጣት መጻፍ አለበት። ያለዚያ ወይ ይደገምባታል ወይ ይዘለልባታል።

የከፋው ደግሞ ደርሳ «አልጋ የለም» ተብላ ወደ ሌላ መላኳ ነው። ያኔ ሰዓቱ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል፣ ደሟ ግን ከዜሮ አይጀምርም።

ሕፃኑስ?

ሕፃኑ ከእናቱ ያነሰ ጊዜ ነው ያለው። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 1.9 ሚሊዮን የሚጠጉ ሕፃናት ሞተው ይወለዳሉ፣ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት ምጡ ሲጀመር በሕይወት ነበሩ። ዋናው ጠላት የኦክስጅን እጥረት፣ በተለምዶ መታፈን የምንለው ነው። ከ10 ሕፃናት አንዱ ገደማ ለመተንፈስ እርዳታ ይፈልጋል። ለአብዛኞቹ ማድረቅና ማሸት ይበቃል፣ ለጥቂቶቹ በጭንብልና በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት አየር መስጠት ያስፈልጋል። ይህም በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ መጀመር አለበት፣ ለዚህ ደግሞ ሪፈር አይጠበቅም።

ታፍኖ አንጎሉ ለተጎዳ ሕፃን የማቀዝቀዝ ሕክምና አለ። በተወለደ በ6 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ሰውነቱ ለ72 ሰዓት 33.5 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቆያል። የተሟላ የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ባለበት ሞትንና የአካል ጉዳትን ይቀንሳል። በ2021 በሕንድ፣ በስሪላንካና በባንግላዴሽ ሆስፒታሎች በተደረገ ጥናት ግን ማቀዝቀዙ ሞትን ሳይቀንስ፣ እንዲያውም ጨምሮ ተገኝቷል። ስለዚህ «ማሽኑን እንግዛ» ከማለት ይልቅ ሕፃኑ እንዳይታፈን ቀድሞ መድረሱ ይሻላል። ሌላውን ሕፃን ግን ማቀዝቀዝ ሳይሆን ማሞቅ ነው የሚያስፈልገው፣ ሙቀቱ ከ36.5 እስከ 37.5 መሆን አለበት።

ያለ ጊዜው ሊወለድ ላለ ሕፃን ደግሞ ከሁሉ የተሻለው ማጓጓዣ የእናቱ ማህፀን ነው። በ2019 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ከ28 ሳምንት በፊት የተወለዱትን አይቶ፣ ከተወለዱ በኋላ ወደ ትልቅ ክፍል የተወሰዱት እዚያው ከተወለዱት ይልቅ ከባድ የአንጎል ጉዳት እንደሚበዛባቸው አግኝቷል። ቀኗ ሳይደርስ ምጥ ለመጣባት እናት «ትሂድ» ሲባል «ትንሽ እንይ» ማለት ዋጋ የሚያስከፍለው ለዚህ ነው።

እናቲቱ ቤት ከገባች በኋላስ?

ብዙ ሪፖርት «እናትና ልጅ ተርፈዋል» ብሎ ያበቃል። የተዘጋ ምጥ ለረጅም ጊዜ የቆየባት እናት ግን ጣጣው በኋላ ሊመጣባት ይችላል። የሕፃኑ ራስ ፊኛዋን አጥንት ላይ ተጭኖት ከቆየ ደም ያጣው ሥጋ ይሞታል፣ ከቀናት በኋላ ይቀደድና ሽንት ያለማቋረጥ ይፈሳታል። ፌስቱላ የምንለው ይኸው ነው። ለዚህ ነው ከእንዲህ ያለ ምጥ በኋላ የሽንት ቱቦው ለቀናት እንዲቆይ የሚደረገው። «ደህና ነኝ፣ አውጡልኝ» ብላ ቶሎ ማስወጣት የለባትም። ብዙ ደም የፈሰሳትም ለሳምንታት ትደክማለች፣ ትፈዛለች፣ ወተቷ ሊዘገይ ይችላል።

አእምሮዋም አለ። በጥቅሉ ከ100 ወላዶች 4 ያህሉ ከወሊድ በኋላ ከባድ የሥነ ልቦና ቁስል ይይዛቸዋል፣ አደገኛ ወሊድ ያሳለፉት ላይ ደግሞ ቁጥሩ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የሲሪን ድምፅ ስትሰማ ላብ ያሰምጣታል፣ እንቅልፍ ይነሳታል፣ ሁለተኛ መውለድን ስታስብ ትንቀጠቀጣለች። ሕፃኑ ሌላ ሆስፒታል ተወስዶ እሷ ብቻዋን ከቀረች ይብሳል። የተዛወሩ እናቶች ደጋግመው የሚያነሱት ቅሬታ ደግሞ ሕመሙን አይደለም፤ ምን እየተደረገ እንደነበር የነገራቸው ሰው አለመኖሩን ነው። ጉዳዩን የሚያውቅ አዋላጅ ወይም ሐኪም ተቀምጦ «ይህ ሆነ፣ በዚህ ምክንያት» ቢላት ቢያንስ ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ ታውቃለች።

ይህ ንግግር ለሚቀጥለው እርግዝናም ያስፈልጋታል። የተላከችው ምጥ ስለዘገየባት ከነበረ ቀጣዩ ብዙ ጊዜ ይቀላል። ደም ስለፈሰሳት ከነበረ ሊደገም ስለሚችል ደም ያለበት ቦታ መውለድ አለባት። ኦፕራሲዮን ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ ማህፀኗን በየትኛው አቅጣጫ እንደቀደደው ማወቅ ግድ ነው። ከውጭ የሚታየው የሆዷ ጠባሳ ያንን አይናገርም፣ ከላይ ወደ ታች የተቀደደ ማህፀን ደግሞ በሚቀጥለው ምጥ የመተርተር ዕድሉ ከፍ ይላል። ይህ የተጻፈው ከሆስፒታል ስትወጣ በሚሰጣት ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱን ሳትቀበል አትውጣ፣ ለሚቀጥለው ክትትልም በመጀመሪያው ቀን ይዛው ትሂድ።